ከደሴ መርካቶ፦ ስሟ የሌለበት ማመልከቻ

ደሴ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተን ማመልከቻ የምንጽፍ አምስት ሰዎች ነን። ከአምስታችን እንደ እኔ የሚያስለቅስ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳኛ አስለቅሻለሁ፣ ሊቀመንበር አስለቅሻለሁ፤ አንድ ጊዜማ ቆጣሪ ሊነቅል የመጣ ሠራተኛ ማመልከቻዬን አንብቦ አፍንጫውን እየጠረገ ተመልሷል።

ሰሞኑን ወንበሬ ባዶ ሆኖ ስለከረመ «ሰይድ ታመመ እንዴ?» ያላችሁ አላችሁ። «ሞቶ ይሆናል» ያለው ማን እንደሆነም ተነግሮኛል፤ ግዴለም፣ እንተዋወቃለን። አልሞትኩም። መርካቶ ነበርኩ። መርካቶን አይታችሁ የማታውቁ፣ የማየት ሐሳቡም የሌላችሁ ባልደረቦቼ እንድትሰሙት የሆነውን ሁሉ ከነጉዴ ጽፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ዘሃራ፣ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ለሚሸጥ ነስሩ ለሚባል የስልጤ ልጅ ተድራ አዲስ አበባ ከገባች አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ልጃቸው ሃያት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ኦቲዝም አለባት። ከራሷ አውጥታ የምትናገረው ጥቂት ነው፣ የሰማችውን ግን እንደ ቴፕ ቃል በቃል ትመልሳለች። ድንገተኛ ድምፅ ከመጣ ደግሞ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ከሦስተኛ ክፍል ያስወጧትም ደወል በተደወለ ቁጥር እየጮኸች ክፍሉን ስላስቸገረች ነው።

ከሁለት ወር በፊት እንዲመልሷት ማመልከቻ ጽፌ በሹፌር እጅ ላክሁ። በስልክ ሳነብላት ዘሃራ ተንሰቀሰቀች፤ እኔም ደስ አለኝ። ሚዛናችን ምን እንደሆነ ታውቁት የለ፤ ካላስለቀሰ አልተጻፈም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደወለች።

«ጋሼ፣ አልተቀበሉትም። ሐሙስ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሐሙስ እንቢ ካሉ በቃ፣ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል። ና እባክህ።»

አንዱ ካልሠራ ከእሱ የባሰ እጽፋለሁ ብዬ፣ ያንኑ ቀን ተቀምጬ ሦስት ገጽ ሙሉ የሚያንሰቀስቅ ማመልከቻ አዘጋጀሁ። ጥቁር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ለጉዞ ተነሣሁ።

እሑድ

ከደሴ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። የጦሳ ተራራ እንደ ልማዱ ጉሙን ተከናንቦ ነበር። ኮምቦልቻ ስንወርድ ኮቴን አወለቅሁ፣ ከሚሴ ስንደርስ ሹራቤን፤ ብንቀጥል ኖሮ ምን እንደማወልቅ አላህ ያውቃል።

ከሚሴ ላይ ከድጃ የምትባል ደልደል ያለች ሴት ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። ከመርካቶ ዱባይ ተራ የልጆች ጫማ እያመጣች የምትቸረችር ነጋዴ ናት። ቦርሳዋን ከእኔ ቦርሳ ጎን ሰካችው። እሷም ጥቁር፣ እኔም ጥቁር። ይህን ያዙልኝ።

ደብረ ሲና ምሳ ወረድን። ሽሮው ውሃ ውሃ ይላል፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ምግብ ቤት ያላትን የሀዋን ሽሮ የለመደ ሰው እዚያ ባይበላ ይሻለዋል። ከድጃ አይታኝ አዘነችልኝና ከመንገድ የገዛችውን ቆሎ በሁለት እጇ ዘግና ሰጠችኝ። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ ስንገባ የአውቶብሱ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ደሴን ብርድ ነው ብላችሁ የምታማርሩ ሰዎች ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰዓት ብትቆሙ ደሴን ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ያወለቅሁትን ሁሉ መልሼ ለበስኩ።

አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ግፊያው አስደነበረኝ። ቦርሳዬን መንትፌ ወረድኩ፣ «መርካቶ! መርካቶ!» የሚል ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ነስሩ ሲኒማ ራስ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ለራሱ የሚስቅ ሰው ነው። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ ከፊቴ እየመራ በሰዉ መሃል እንደ ዓሣ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልኩ። ደሴ ሰው ሲገፋችሁ ዞሮ ያያችኋል። እዚህ የሚገፋችሁ ሰው ቢዞር እሱንም ሌላ ሰው ይገፋዋል።

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፣ ከላይዋ ቆጥ ተሠርቶላታል። ዘሃራ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሃያት ጥግ ይዛ የነጠላ ቋጭ እየፈተለች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። እህቴ «አጎትሽ መጣ» ስትላት «አጎትሽ መጣ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔም «መጣሁ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቦርሳውን ስከፍት ሁለት ሻሽ፣ አንድ ሽርጥና በፌስታል የተቋጠረ የከሚሴ ቅቤ አገኘሁ። የከድጃን ቦርሳ ይዤ ነው የመጣሁት። ሦስት ገጽ ማመልከቻዬ፣ ብዕሮቼ፣ ስልክ ቁጥሬን የጻፍኩባቸው ካርዶች ሁሉ ከእሷ ጋር ሄደዋል። ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ነስሩ ቅቤውን አየት አድርጎ «ቢያንስ በባዶ እጅህ አልመጣህም» አለና ለራሱ ሳቀ።

እራት ከበላን በኋላ ሃያት ድምፅዋን ቀይራ ጥርት ባለ የመምህር አነጋገር ስም መጥራት ጀመረች። «ሃብታሙ ግርማ።» ትንሽ ቆየት ብላ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «አቤት።» «ሃና ተስፋዬ።» «አቤት።» «ሄለን ካሳ።» «አቤት።» እንዲህ እያለች የክፍሉን ልጆች በሙሉ ጠርታ ጨረሰች።

«የራሷንስ ስም?» አልኩ።

ዘሃራ ሳህኑን ማጠብ አቆመች። «በፊት ትለው ነበር፣ ከሃና ቀጥላ። ከስም ዝርዝሩ ካወጧት በኋላ ሦስት ቀን ክፍል ተቀምጣለች። የሰማችውን ነው የምትለው።»

 በልቤ «ቆይ ብቻ፣ ሐሙስ አስለቅሳቸዋለሁ» አልኩ።

የተኛሁት ጎረቤት ነው፣ እትዬ አስካለች ዘንድ። የሶዶ ሰው ናቸው፣ ባላቸው ሞተው ልጆቻቸው ተድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ክርስቲያን። ለእኔ ሲሉ የራሳቸውን አልጋ ለቀው መደብ ላይ ተኙ። ብለምን፣ ብለማመጥ፣ «አንተ የዘሃራ ወንድም አይደለህም እንዴ? ዝም ብለህ ተኛ» አሉኝ።

ሰኞ

ቁርስ እትዬ አስካለች ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልኝ። ጎመኑን የሠሩት በዘሃራ ድስት ነው። «የኔ ድስት ሥጋ ነክቶታል፤ ሆድህ እንዳይጠራጠር ብዬ ነው» አሉ። ቆጮ መጀመሪያ ላይ ለእንጀራ አፍ ግራ ነው፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ተስማማን። ወሎ ተወልጄ እንግዳ አክባሪነትን የማስተምር እንጂ የምማር አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ነስሩ ሱቅ ሄድኩ። የእኛን ሰኞ ገበያ ገበያ ብላችሁ የምትጠሩ ሰዎች መርካቶን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩ እንጃ። ጨርቅ የተሸከመ ወዛደር «ዞር በል አባት!» ብሎ ሲያንባርቅ ዞርኩ፤ የዞርኩት ግን ወደ እሱ ነው። ቆቤ መሬት ወደቀች፣ አንድ የማላውቀው ሰው አንሥቶ አራግፎ ጭንቅላቴ ላይ ደፋልኝና ሳያየኝ ሄደ።

ሸማ ተራ ደስ ይላል። በግራም በቀኝም ነጭ በነጭ ነው። ነስሩ ሱቅ ውስጥ ሃያት ከኋላ ተቀምጣ ቋጭ ትፈትላለች። ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ ቀኑን የምትውለው እዚያ ነው። እኔ በር ላይ በርጩማ ይዤ መንገደኛ እየገመገምኩ ሳለ፣ ከተራው ጫፍ አንድ ሰው «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ያለው ሱቅ «መጣ!» አለ። ቀጥሎም ሌላው። «መጣ! መጣ! መጣ!» እየተባለ ወደ እኛ ቀረበ።

እኔ ሌባ ወይም ደንብ አስከባሪ መስሎኝ ዘልዬ ሱቅ ገባሁና የጋቢ ክምር ላይ ተደፋሁ። ክምሩም አብሮኝ ተናደ።

ከጋቢው ሥር ቀና ስል ሃያት በእርጋታ የራሷን ጋቢ አንሥታ ራሷን ተከናንባለች፣ በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፍናለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በድምፅ ማጉያ ሎተሪ የሚያስተዋውቅ መኪና በዋናው መንገድ እያጓራ አለፈ። ጥርሴ ተንቀጠቀጠ። መኪናው ሲርቅ ሃያት ጋቢውን አውርዳ፣ አጥፋ፣ ቦታው መልሳ ቋጯን ቀጠለች። ጩኸት የለ፣ ልቅሶ የለ።

«ማን አስተማራቸው?» አልኩት ነስሩን።

«ማንም። መጀመሪያ ሰሞን ስትጮህ ሰው ይሰበሰብ ነበር። አንዱ ጸበል ይላል፣ አንዱ ቁርአን ይነበብባት ይላል፣ አንዱ ቆንጥጧት ይላል። አንድ ቀን ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ መኪናውን ቀድሞ አየና ጮኾ ነገረን። ቀድማ ካወቀች አትጮህም። ከዚያ ወዲህ ተራው ሁሉ እንዲህ ነው። አዲስ ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው።» ይኼን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ የጣልኩበትን ጋቢ አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመርን፣ እስከ አሥር ሰዓት።

ማክሰኞ

የኦቲዝም ልጆች ያሏቸው ወላጆች አንድ ሆነው ከአንድ የገበያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተውሰዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰብለ የምትባል ጠበቃ በነፃ ታማክራቸዋለች። አሳንሰሩ አይሠራም። የዚያን ሕንፃ ደረጃ ስወጣ አዝዋ ገደልን ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ አዝዋ ላይ ፌስታልና ካርቶን አይገፋችሁም።

ክፍሉ ሞልቷል። ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው የመጡ አባቶች አሉ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች አሉ። እኛ ደሴ እንዲህ ያለ ልጅ ያለበትን ቤት ሹክ እየተባባልን ነው የምናወራው። እዚህ አንዷ እናት ለሌላዋ «የአንቺ ተኛልሽ? የኔ እስኪነጋ ዘለለ» ትላለች፣ ይሳሳቃሉ። ስለ ልጆቻቸው በሙሉ አፋቸው ነው የሚያወሩት።

ሰብለ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፈጣን ተናጋሪ የመርካቶ ልጅ ናት። ፋይሉን ከፍታ የእኔን ማመልከቻ አወጣች፣ ያኛውን የመጀመሪያውን። ጽሑፌን ከሩቅ ነው የማውቀው። ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

«ይኼን ማን ነው የጻፈው?» አለች።

ዘሃራ መሬት መሬት አየች። ነስሩ ጣሪያ ጣሪያ አየ። እኔ ግን «እኔ ነኝ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰብለ ወረቀቱን አገላበጠች። «በጣም የሚያምር እጅ ጽሑፍ ነው ጋሼ» አለችና ሌላ ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። «ይኼ ደግሞ የትምህርት ቤቱ መልስ ነው። አይተውታል?»

አላየሁትም ነበር። አነበብኩት። «አመልካች በራሳቸው ማመልከቻ እንዳረጋገጡት ልጃቸው ጽኑ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ራሷን የማታውቅ፣ ምንም ማድረግ የማትችል ስለሆነች፣ ከሕመሟ መዳኗን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ልንቀበላት አንችልም» ይላል። ጽኑ ሕመምተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ራሷን የማታውቅ ያልኩት እኔ ነኝ። አንጀት እንዲበላ ብዬ ነው! አንድም ቃል አልጨመሩበትም፤ በእኔው ብዕር ነው በሩን የዘጉባት።

ሰብለ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ኦቲዝም የሚድኑት በሽታ አይደለም፣ አብሯት የተፈጠረ ነው። ስለዚህ መዳኗን የሚገልጽ ወረቀት የሚሰጥ ሐኪም የለም። መማር ደግሞ መብቷ ነው። ሕገ መንግሥቱም አገራችን የፈረመችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ከእሷ ጋር ናቸው። እርስዎ መብቷን ትተው ምጽዋት ጠየቁላት፤ ምጽዋት ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ተብሎ ይከለከላል።» ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ፈልጌ አጣሁት፣ የልጅቷ ስም የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች።

ወረቀቱን ተቀብዬ ፈለግሁ። «ምስኪኗ ልጄ» አለ። «ይህች ያልታደለች» አለ። «የአብራኬ ክፋይ» አለ። ሃያት የሚል የለም። ስም አያስለቅስማ፤ ስም የምንጽፈው ከታች፣ ለአመልካቹ ብቻ ነው። እሑድ ማታ ስሟን ሳትጠራ ያለፈችው ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ እዚያው ሰው ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሠላሳ ዓመት ሰው አስለቅሼ፣ በራሴ ማመልከቻ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ዘሃራን።

«እንዴት ብዬ ጋሼ? ስንቴ አንብበህልኝ፣ ስንቴ ደስ ብሎህ።»

ነስሩ ጉሮሮውን ጠረገና ከሸማ ተራ አምስት ሽማግሌ ይዤ ርእሰ መምህሩን ባስለምነውስ አለ። ሰብለ ሳቀች። «ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው። ሃያት ከማን ጋር ተጣላች?»

እኔ ይሄኔ እንባዬን ጠርጌ ስለ ጋቢውና ስለ «መጣ! መጣ!» ነገርኳት፣ ክምሩ ላይ የወደቅሁትን ብቻ አስቀርቼ። ሰብለ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። «ይኼንን ነው የሚጽፉት» አለች። «ነገ ይጻፉት፣ ሕጉን እኔ እጨምርበታለሁ።»

ረቡዕ

ከድጃ ማክሰኞ ማታ ደውላ ቦርሳህ እኔ ጋ ነው፣ ነገ ዱባይ ተራ ና ብላኝ ነበር። ድምፅዋ ግን እንግዳ የሆነ ለስላሳ ነው። ቦርሳዋን ከነቅቤዋ ይዤ ሄድኩ። ዱባይ ተራ ፎቅ ለፎቅ፣ ሱቅ በሱቅ ነው፤ ሁሉም ጫማ፣ ሁሉም ስልክ፣ ሁሉም ደረጃ። ሁለት ጊዜ ጠፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ የጫማ ሱቅ አገኘሁ። የሱቋ ባለቤት በሦስተኛው ውሃ አጠጥታ ራሷ አደረሰችኝ።

ከድጃ ገና ሳታየኝ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። «አላህ ይርሐማት። አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለች።

«ማንን?»

«ልጅቷን ነዋ! ወረቀቱን አነበብኩት፤ ይቅር በለኝ፣ ባለቤቱን ልፈልግ ብዬ ነው። ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መቼ ነው የቀበራችኋት?»

ኧረ አላህ ይጠብቀን! አልሞተችም፣ ትምህርት ቤት ልናስገባት ነው ብዬ እስካስረዳት ድረስ ጎረቤት ሱቅ ሁሉ ከንፈር መጠጠልኝ። ከድጃ ሲገባት መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ! ለትምህርት ቤት ነው ወይስ ለመቃብር ቤት ነው የጻፍከው?» ስሟ ማን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ሃያት ስላት፣ ከገዛችው መሃል አንድ ጥንድ ጫማ አንሥታ «ሰኞ አድርጋው ትሂድ» አለችኝ። ገና ሐሙስ አልደረሰም፣ እሷ ግን ሰኞ ብላ ቆርጣለች።

ቦርሳዬን ይዤ ተመለስኩና ሦስቱን ገጽ ከእትዬ አስካለች ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ አዲሱን ስጽፍ ዋልኩ። ባልደረቦቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእንባ ውጪ መጻፍ ከባድ ነው። እጄ «ምስኪን» ሊል ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። «እግርዎ ሥር ወድቄ» ሊል ይነሣል፣ አስቀምጠዋለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ብቻ ወጣው። «ሃያት ነስሩ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት» ብሎ ይጀምራል። የምትችለውን ይናገራል፣ ድንገተኛ ድምፅ እንደሚከብዳት ይናገራል፣ ሸማ ተራ ምን እንደሚያደርግላት ይናገራል፣ ትምህርት ቤቱም ደወሉ ከመደወሉ በፊት እንዲነግራት ይጠይቃል። ሰብለ ሕጉን በአራት መስመር አስገባችበት። ለእትዬ አስካለች ሳነብላቸው አላለቀሱም። «እንደሱ ከሆነማ ምን ብለው ይከለክላሉ?» አሉ። ጥሩ ማመልከቻ ማለት ይህ እንደሆነ በስተርጅና ገባኝ።

ሐሙስ

ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ከልጅቷ ጋር ይኖራልና። ከሰዓት በኋላ ሰብለ፣ ዘሃራ፣ ነስሩ፣ እትዬ አስካለችና እኔ ሄድን። ሃያትም ከነጋቢዋ አለች። ከወዲያ በኩል ርእሰ መምህሩ፣ የወረዳው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ፣ ሁለት የወላጅ ተወካዮችና የክፍሏ መምህርት ተቀምጠዋል።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። «ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ። አንዷ ስትጮህ ሃምሳ ዘጠኙ ይረበሻል» አለ። ሰብለ ሕጉን አስቀመጠችለት፣ ያለ ቁጣ፣ አንድ በአንድ። ባለሙያው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማትና «ትክክል ናት፣ የሐኪም ወረቀት መጠየቅ አልነበረብንም» አለ። ከዚያ አዲሱ ማመልከቻ ተነበበ። የጋቢው ነገር ላይ ሲደርስ የክፍሏ መምህርት ቀና አለች።

«እኔ ቀድሜ ልነግራት እችላለሁ» አለች። «ጥበቃው ከመደወሉ በፊት በመስኮት ምልክት ይስጠኝ እንጂ። በሩ አጠገብም ትቀመጥ።»

እትዬ አስካለች ሳይጠየቁ «ተራ ሙሉ ነጋዴ የቻለውን መምህር ያቅተዋል እንዴ?» አሉ። አንዱ የወላጅ ተወካይ ሳቀ፣ ርእሰ መምህሩም ትንሽ ፈገግ አለ። ተመካከሩ። ከዚያ «ይሁን፣ ሰኞ ትግባ» ተባለ። ዘሃራ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ነስሩ ያዛት፤ ሃያት እንዳትደነግጥ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጽፎ ለፊርማ አዞረው። ሰብለ ስልክ ተደውሎላት ከክፍሉ ወጥታ ነበር። ነስሩ እስክሪብቶ አነሣ። እኔ ግን ያልተነበበ ወረቀት ላይ ሰው ሲፈርም ማየት አልወድም፤ ሠላሳ ዓመት የበላሁበት ነው። ተቀብዬ አነበብኩ። «ኮሚቴው የተማሪዋን አሳዛኝ ሁኔታ ከግምት በማስገባት፣ በርኅራኄ፣ ለጊዜው እንድትገባ ፈቅዷል» ይላል።

ከዚህ በፊት ቢሆን ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ የጻፍኩት ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን ጸጉሬ ቆመ። የዛሬው ርእሰ መምህር ቢራራ የነገው ባይራራስ? ለጊዜው ማለትስ እስከ መቼ ነው?

«ይኼ ይስተካከል» አልኩ።

ዘሃራ ኮቴን ጎተተችኝ። «ጋሼ፣ ተው በአላህ! ፈቅደዋል እኮ። እንዳይመልሱት።»  ርእሰ መምህሩም ሰዓቱን አይቶ «አባባ፣ ፈቀድንላችሁ አይደለም እንዴ? ምን ቀራችሁ?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። ይኼን ያህል ተደርሶ፣ በእኔ ብዕር አንዴ የተዘጋ በር፣ በእኔ አፍ ዳግም ቢዘጋስ?

«ጌታዬ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። «ርኅራኄን ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ፣ ጸባዩን አውቀዋለሁ። አይበረክትም። ይህችን ልጅ ጽኑ ሕመምተኛ ብዬ የጻፍኩት፣ ከክፍል ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ አጎቷ። ቃሉን አሁን ካላስተካከልኩት መርካቶ የመጣሁት ለምንድን ነው? ርኅራኄና ለጊዜው የሚሉት ይውጡ። መማር መብቷ ስለሆነ ይባል።»

 ሰብለ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። ባለሙያው እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ከእኔ ወሰደ፣ አነበበ፣ ለጸሐፊው ሰጠው። «ልክ ናቸው። እንደገና ጻፈው» አለ። ርእሰ መምህሩ ተነፈሰ። «ጻፈው በቃ» አለ።

አዲሱ ተጻፈ፣ ተነበበ፣ ተፈረመ፣ ማህተም አረፈበት። ቅጂውን ተቀብዬ ለዘሃራ ሰጠኋት። ከግቢው ስንወጣ ዘሃራ ክንዴን ቆንጥጣ «ልቤን ልታቆመው ነበር እኮ!» አለችኝ፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። እሱን ለቅሶ እወደዋለሁ።

ዓርብ

እትዬ አስካለች ስንቅ ቋጠሩልኝ፣ ነስሩ ያን ቀን ከተናደው ክምር አንድ ጋቢ አንሥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። «ተኝተህበታል፣ ያንተ ነው» አለኝና ለራሱ ሳቀ። ሃያትን ስሰናበታት አላየችኝም። «አጎትሽ ሄደ» አልኳት። «አጎትሽ ሄደ» አለች። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢውን ለበስኩት፤ ኮምቦልቻ ድረስ አላወለቅሁትም።

ሰኞ፣ ደሴ

ጃንጥላዬን በዘረጋሁ በሰዓቱ አንዲት ሴት ከኩታበር መጣች። ሴት ልጇ መስማት አትችልም፣ ትምህርት ቤት አንቀበልም ብለዋታል። «ጋሼ ሰይድ፣ እንደምታውቅበት አድርገህ አስለቅስልኝ» አለችኝ። ብዕሬን ከፍቼ «መጀመሪያ ስሟን ንገሪኝ» አልኳት። አጠገቤ ያላችሁት ተያይታችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። ሳቁ፤ ግዴለም።

አሥር ሰዓት ላይ ዘሃራ ደወለች። «ዋለች ጋሼ! በአዲሱ ጫማ ገብታ፣ ቀኑን ሙሉ ዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸችው። ቆይ፣ ላቅርባት።» ሃያት ስልክ አትወድም፤ አውቃለሁ። ለረጅም ጊዜ የሰማሁት ትንፋሽዋን ብቻ ነው፣ ከኋላዋም የሸማ ተራን ጫጫታ። ልዘጋው ስል፣ በመምህርቷ ድምፅ ስም መጥራት ጀመረች።

«ሃብታሙ ግርማ።» «አቤት።»

«ሃና ተስፋዬ።» «አቤት።»

ከዚያ ዝም አለች። 

«ሃያት ነስሩ» አለች በመምህርቷ ድምፅ። ቀጥላም በራሷ ድምፅ፣

«አቤት።»